ከቆላ ድባ እስከ ሲታክ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል የአገራችን ሰው፣ ለዕውቀት ያለውን አመኔታ ሲገልጽ። አባባሉ ስለ ዳኛም ስለ መምህርም ይነገራል፤ ስለ ሐኪም ሲነገር ግን ቃል በቃል ሊፈጸም የሚችል ነውና ያስፈራል። አንድ ጥያቄም ዘሎ አልፏል፤ የተማረው መቼ ተማረ? የሕክምና ዕውቀት በአንድ ሐኪም የሥራ ዘመን ውስጥ ደጋግሞ ይለወጣል። ትናንት ፈዋሽ የተባለው ነገ ጎጂ ሆኖ ይገኛል፤ ትናንት ተስፋ የተቆረጠበት በሽታ ነገ መድኃኒት ያገኛል።

አሜሪካውያን ይህን ጥያቄ ወደ ሕግ የለወጡት ዘግይተው ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለተመረቁ ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም መካከል ለሐኪሞች፣ የቀጣይ ትምህርት ማእከል የከፈተው በ1930ዎቹ ነበር (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ትምህርቱን ለሙያ ፈቃድ ማደሻ ግዴታ በማድረግ ቀዳሚ የሆነው ክፍለ ግዛት ኒው ሜክሲኮ ሲሆን፣ ይህም በ1971 ሆነ። ዛሬ እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት አንድ ሐኪም በአራት ዓመት 200 ሰዓት፣ አንዲት ነርስ ደግሞ በየዓመቱ 8 ሰዓት መማር ይጠበቅባቸዋል። ዕውቀት በሰዓት ይለካል፤ ልኬቱም በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

በእኛ በኩል ታሪኩ የሚጀምረው ከመቅሠፍት ነው። በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር በመተባበር የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል መሠረተ። ያን ጊዜ በአገሪቱ አንድም የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም። ጎንደር ያፈራቸው ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች፣ ማለትም ጤና መኮንኑ፣ ኮሚኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ፣ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ እየወጡ ይሠለጥኑ ነበር። ወባው በገባበት አገር፣ ውኃው በሚቀዳበት ወንዝ ዳር፣ እናቲቱ በምትወልድበት ጎጆ መማር የትምህርቱ ዋና ክፍል ሆነ። በእኔ እምነት ጎንደር ለሕክምና ትምህርት ያበረከተችው ትልቁ ሐሳብ ይህ ነው፤ ትምህርት በሽተኛው ካለበት ስፍራ አይለይም።

ችግሩ የሚመጣው ከምርቃት በኋላ ነበር። መንገድ በሌለበት ወረዳ የተመደበ ጤና መኮንን የሚያማክረው ባልደረባ ከአጠገቡ የለውም። የኢትዮጵያ የሕክምና ማኅበር በ1961 ሲቋቋም፣ መጽሔቱም በ1962 መታተም ሲጀምር፣ ሐኪሞቻችን ያዩትንና የተመራመሩትን የሚለዋወጡበት መድረክ አገኙ። ከ1997 እስከ 2010 የካርተር ማእከል ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ጋር ሆኖ ለአገራችን በሽታዎች የሚስማሙ መማሪያ ጽሑፎች እንዲዘጋጁ ረዳ። በኋላም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ በሚል ስም ትምህርቱን ከፈቃድ እድሳት ጋር አያያዘው።

ሲያትል በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው በኤድስ ዘመን ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥልጠና ማእከል የሆነው አይ-ቴክ በ2003 በኢትዮጵያ ሥራ ጀምሮ በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ክልሎች ባለሙያዎችን አሠለጠነ። ይህ ሥልጠና ምን ያህል አንገብጋቢ እንደነበር ለመረዳት የጊዜውን ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። በ1990ዎቹ የተመረቀ ሐኪም ለኤድስ ሕመምተኛ ያደርግ የነበረው ስቃዩን ማስታገስና ተጓዳኝ በሽታዎቹን ማከም ነበር። በ2005 የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር፣ ያው ሐኪም ሰዎችን ለረጅም ዓመታት በሕይወት የማቆየት ሙያ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ዲፕሎማው አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ተለውጧል።

ትምህርቱ የሄደው ከሲያትል ወደ ጎንደር ብቻ ነው የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1994፣ የሲያትሉ ሐርበርቪው ሆስፒታል ስደተኞችን በየቤታቸው የሚያገኝ አገልግሎት ጀምሮ ነበር። አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪዎችም ከአስተርጓሚነት አልፈው የባህል አገናኝ ሆነው ተቀጠሩበት። ኤትኖሜድ የተባለው የዕውቀት ማኅደርም ከዚሁ ሥራ ተወለደ። አሜሪካዊው ሐኪም ስለ ጾማችን፣ ስለ ጸበላችን፣ መርዶ ለሕመምተኛው በቀጥታ ስለማይነገርበት ልማዳችን የተማረው ከእነዚህ ሰዎች ነው። መምህሩ ስደተኛው፣ ተማሪው ሐኪሙ ሆነ።

ወደ ሲታክ ልመለስ። ይህች በ1990 ራሷን የቻለች፣ ስሟን ከአውሮፕላን ማረፊያዋ የወሰደች ከተማ የብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ናት። በ2013 ነዋሪዎቿ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር እንዲሆን ድምፅ ሰጡ፤ በ2015ም የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ለአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች እንዲጸና ወሰነ። የጉልበታቸው ዋጋ በዚያ ተስተካከለ። ከእነርሱ መካከል በአገር ቤት ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ሐኪም የነበሩ አሉ፤ የእነርሱ ዕውቀት ግን ዋጋ አላገኘም። የውጭ ምሩቅ ሐኪም ፈተናውን ቢያልፍም በሆስፒታል የሬዚደንሲ ሥልጠና ካላገኘ ሙሉ ፈቃድ አይሰጠውም፤ አሠልጣኞቹም በቅርብ የተመረቀውን ያስቀድማሉ። ስለዚህ ሻንጣ በመጫን ያለፈ እያንዳንዱ ዓመት በሐኪሙ ላይ እንደ ዕዳ ይመዘገባል። ፈቃድ ያለው 200 ሰዓቱን ሲያስቆጥር፣ ፈቃድ የሌለው ማታ ማታ ያነበበውን ማንም አይቆጥርለትም። ክፍለ ግዛቱ በ2021 ለውጭ ምሩቃን ሐኪሞች በሌላ ሐኪም ቁጥጥር ሥር የሚሠሩበት የተወሰነ ፈቃድ መፍቀዱ በር ከፍቷል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው፤ ለነርሱና ለጤና መኮንኑ የተከፈተም አይደለም።

የቆላ ድባን ሐሳብ እዚህ መልሰን ልንተክለው እንችላለን ብዬ አምናለሁ። ስኳርና የደም ግፊት በየቤታችን አለ፤ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች አዳራሾች አሉ፤ ፈቃድ ያላቸውና ፈቃድ የሌላቸው ባለሙያዎቻችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ የሚከለክላቸው ሕግ የለም። አንዱ አዲሱን መጽሔት ያመጣል፤ ሌላው ያለ ላቦራቶሪ በሽታ የሚለይበትን ጥበብ ያስተምራል። ይህን ጥበብ ከጎንደር ይዘውት የወጡት ሽማግሌዎች እያለፉ ነው። ሳይነገር የቀረ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና፣ ጠረጴዛው ሳይዘገይ ቢዘረጋ መልካም ነው።