የዝናብ ደን መንገደኞች፦ በከፋ የእግር ጉዞና የአራዊት ምልከታ ታሪክ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መርሳን አቋርጦ ሲያልፍ በስተምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር ዝቅ እያለ የሚሄደው ቆላ ይታያል። በሐብሩና በአካባቢው ለተወለደ ሰው «ደን» የሚለው ቃል የሚያሳስበው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ወይም በመስጊድና በመካነ መቃብር ዙሪያ ተጠብቆ የቀረውን የጽድና የወይራ ጥላ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሄዱበት የማያልቀውና የፀሐይ ብርሃን መሬቱን እምብዛም የማይነካው የምዕራቡ ደን ለብዙው ሰው በወሬ እንጂ በዓይን የሚታወቅ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ግን ድርቅና የመንግሥት ትእዛዝ ተባብረው ብዙ ሺህ የወሎ ሰው ወደዚያ ደን ዳርቻ እንዲሄድ አደረጉት። ዛሬ በዚያው ደን ውስጥ አራዊትና አዕዋፍ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ጎብኚዎች ዋጋ ከፍለው በእግራቸው ይጓዛሉ። በአንድ ደን ውስጥ በየዘመኑ የተመላለሱት እነዚህ ልዩ ልዩ መንገደኞች እነማን እንደነበሩና ምን እንዳዩ መመርመር፣ ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ ለሚያስብ ባለሙያ ሁሉ የሚጠቅም ይሆናል።

ስለ ዝናብ ደን ሲነሣ በአገራችን ቀድሞ የሚጠቀሰው ከፋ ነው። ዋና ከተማው ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 460 ኪ.ሜ. ገደማ ርቃ ትገኛለች። የአገሩ ከፍታ በቆላው 500 ሜትር ገደማ ሲሆን በደጋው 3300 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ዝናቡም አብዛኞቹን የዓመቱን ወራት አይለይም። ከላይ ቀረሮና ሌሎች ረጃጅም ዛፎች ሰማዩን ይሸፍኑታል፤ ከእነሱ በታች መካከለኞቹ ዛፎች ሐረግ ተጠምጥሞባቸው ይቆማሉ፤ ከሁሉም በታች በጥላው ውስጥ የዱር ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይበቅላሉ። በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ እንስሳ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ በሚያሰማው የሚያጓራ ድምፅ፣ በምንቃሩ ላይ ቀንድ መሰል ነገር ያለው ትልቁ ወፍ ሲበር ክንፉ በሚያወጣው ሹክሹክታ፣ ድኩላ ሲደነግጥ በሚያሰማው ጩኸት ይታወቃል። ስለዚህ በዚህ ደን ውስጥ አራዊትን ማየት የሚቻለው በእግር ለሚሄድ፣ ቀስ ለሚልና ለሚያዳምጥ ሰው ብቻ ነው። የደኑ መንገደኞች ታሪክም ከዚህ ባሕርይ ጋር የተሳሰረ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች የአገሩ ሰዎች ነበሩ። የከፋ ንጉሣዊ መንግሥት በራሱ ነገሥታት ሲተዳደር በነበረበት ዘመን፣ ደኑ ከጠላት መከላከያም ነበር። በጠረፉ ላይ ጥልቅ ቦዮች ተቆፍረው፣ መግቢያዎቹም በኬላ ተዘግተው ይጠበቁ ነበር። በውስጥ ያለው ደን ደግሞ ባለቤት አልባ አልነበረም፤ በአካባቢው አጠራር ኮቦ በሚባለው ሥርዓት መሠረት የደኑ ክፍልፋዮች በቤተሰብ ተይዘው፣ ባለ ኮቦው ከክፍሉ ማር ይቆርጣል፣ ቡናና ቅመም ይለቅማል። ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀለ ሰው ያንን ዛፍ አይቆርጠውም፤ ሌላውም ሰው እንዲቆርጠው አይፈቅድም። ደኑ በዚህ ዓይነት ያለ ዘበኛና ያለ ወረቀት ይጠበቅ ነበር።

በዚህ ኅብረተሰብ ውስጥ ደኑን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ማንጆ የተባሉት ሰዎች ነበሩ። ማንጆዎች በአደን የሚተዳደሩ ሲሆኑ በንጉሡ ዘመን ኬላ ጠባቂዎችም ነበሩ። የአራዊቱን ዱካ፣ የመጠጫ ቦታና የሚንቀሳቀሱበትን ሰዓት ከልጅነታቸው ጀምሮ ይማራሉ። ነገር ግን የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበላሉ በመባል ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ ጎረቤታቸው ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፣ ጋብቻም አይፈጽምም ነበር። እውቀታቸው የተፈለገ፣ እነሱ ግን የተናቁ ነበሩ። ይህ ነገር በኋላ ዘመን ስለሚመጣው የደን ጉብኝት ሲነገር ሊዘነጋ አይገባውም።

ሁለተኞቹ መንገደኞች ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ከፋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጂሊዮሊ የተባለው ኢጣሊያዊ የእንስሳት ሊቅ ከከፋ የተገኘ አንድ የጦጣ ዓይነት ለዓለም ሳይንስ አስተዋወቀ፤ ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ደኖች በስተቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር በዚሁ አገር አልፎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ተጓዘ። ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1901 በከፋ በኩል ሲያልፍ አዕዋፍና አጥቢ እንስሳትን ይሰበስብ ነበር። በዚያ ዘመን «አየሁ» ማለት «ገደልሁና ቆዳውን ወደ ሙዚየም ላክሁ» ማለት ነበር። ከእነዚህ ጉዞዎች የተገኘው እውቀት ዛሬም የሚያገለግል ቢሆንም፣ በእንስሳቱ ሳይንሳዊ ስም ላይ የቀረው የአውሮፓውያን ስም እንጂ የመንገድ መሪዎቹ ስም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1897 የከፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ አገሩ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ። ጦርነቱና ከዚያ በኋላ የተከተለው የባሪያ ንግድ ብዙ ሰው አጠፋ፤ ብዙውንም አፈናቀለ። በዚህ ምክንያት የተከሠተውን ነገር የታሪክ ምሁሩ ጀምስ ማካን ከከፋ በስተሰሜን ስላለው ስለ ጌራ ባደረገው ጥናት ገልጾታል፦ ሰው በጎደለበት አገር ደን የቀድሞውን እርሻ መልሶ ወሰደው። እንግዲህ ዛሬ በምዕራቡ ደን ውስጥ የሚሄድ ጎብኚ «ድንግል ደን» ብሎ የሚያደንቀው ስፍራ አንዳንዱ ከመቶ ሠላሳና ከመቶ አርባ ዓመት በፊት የእንሰትና የእህል ማሳ የነበረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ደኑ ሰው ያልነካው በመሆኑ ብቻ የቆየ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ሰው በደንብ ስለጠበቀው፣ አንዳንድ ጊዜም ሰው ስለተሰደደ የተገኘ ነው። ይህ ካልታወቀ የደኑ ውበት እንጂ ታሪኩ አይታይም።

የዱር አራዊት ጥበቃ በዘመናዊ መልክ ሲጀመር ይህ ደን ወደ ጎን ተትቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የላካቸው ባለሙያዎች ኢትዮጵያን ጎበኙ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አዋሽና ስሜን፣ ቀጥሎም ባሌ በብሔራዊ ፓርክነት ተመሠረቱ። የተመረጡት ስፍራዎች ሜዳና ተራራ ነበሩ፤ አራዊቱ ከሩቅ የሚታዩባቸው፣ ሜዳው ላይም በመኪና ተዙሮ የሚጎበኙባቸው ናቸው። የዝናብ ደን ግን እንስሳውን ለመኪና ተሳፋሪ አያሳይም። ስለዚህ የከፋ ደን በአራዊቱ ሳይሆን በእንጨቱና በቡናው የሚታሰብ ሆኖ ቀረ።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ፣ የጭሰኛን ቀንበር ቢሰብርም የኮቦን የመሰለ ልማዳዊ የደን ይዞታ ሕጋዊ መሠረት አሳጣው። በ1972 ዓ.ም. የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመንም 58 ደኖች ቅድሚያ የሚሰጣቸው ብሔራዊ ደኖች ተብለው ሲለዩ የቦንጋ ደን ከእነሱ አንዱ ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ ከተነሣ በኋላ ዘበኛ ብቻውን ደንን አይጠብቅም። በጥናት እንደተመለከተው በደቡብ ምዕራብ ከፍተኛ ስፍራ ጥቅጥቅ ያለው ደን እ.ኤ.አ. ከ1971–75 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ከመቶ 38 ገደማ ወደ 18 ገደማ ወረደ።

ሦስተኞቹ መንገደኞች የመጡት በዚሁ መካከል ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጎጃም ተወሰደ፤ ትልቁን ክፍል የያዘው የወሎ ሰው ነበር። አንዳንዱ በገዛ ፈቃዱ፣ አንዳንዱ በግዳጅ የሄደ ነው። ከፊሉ ትልልቅ የሰፈራ ጣቢያ ተሠራለት፤ ሌላው ሥግሠጋ በተባለው ዓይነት በነባሩ ሕዝብ መካከል ተሰገሰገ። ማሽላና ጤፍ የሚያውቀው ገበሬ ዛፍ እየጣለ በቆሎ እንዲዘራ ታዘዘ። አራዊትንም ያየው በማሳው ላይ ነው፤ ዝንጀሮ በቀን፣ ከርከሮ በሌሊት የሚዘርፈውን እህል ጠባቂ ሆኖ አነጋ። በቆላማዎቹ ስፍራዎች ወባ ልጆቹን፣ ገንዲ በሬዎቹን ገደለበት። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥም ብዙው ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ፤ የቀረውም ኑሮውን እዚያው መሠረተ።

ስለዚህ ሰፋሪ ብዙ ጊዜ «ወሎዬ ያገሩን ደን ጨርሶ የሰው አገር ደን ሊጨርስ መጣ» ሲባል ይሰማል። ታሪክ ይህን ፍርድ አያጸናም። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የኢትዮጵያ ታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1937 ኢጣሊያኖች በወሎ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በየቦታው ቆሞ ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር አስተያይቶ ነበር። በሥዕሎቹ ላይ የታየው ከተጠበቀው ተቃራኒ ነው፦ በብዙዎቹ ስፍራዎች ዛፍ በ1937 ከነበረው ይልቅ በ1997 በዝቶ ተገኘ። አብዛኛው ገበሬው ራሱ በደጃፉና በማሳው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የዝናብ ደንን እንደማይተካ የታወቀ ነው። ሆኖም ዛፉ የእሱ መሆኑን ያመነ ገበሬ እንደሚተክልና እንደሚጠብቅ ፎቶግራፎቹ ይመሰክራሉ። በከፋ ደን ዳር የሰፈረው ያው ገበሬ ዛፍ የቆረጠው ጠባዩ አስገድዶት አይደለም፤ ደኑ የእሱ እንዳልሆነ፣ ኑሮው ግን በመመንጠር ላይ እንደተመሠረተ ስለተነገረው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቦንጋ አካባቢ የአሳታፊ ደን አስተዳደር የተባለው አሠራር ተጀመረ። የመንደሩ ነዋሪዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ይዋዋላሉ፤ ደኑን ይጠብቃሉ፣ በምላሹም ማሩን፣ ቡናውንና ቅመሙን ይጠቀማሉ። አሠራሩ በአዲስ ስም ይጠራ እንጂ ብዙው ነገር ኮቦን ያስታውሳል። በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከፋንና የኢሉባቦሩን ያዩን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዘገባቸው፤ ሸካና ማጃንግ በኋላ ተከተሉ። የከፋው ስፍራ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። በሕጉ መሠረት እምብርቱ ሳይነካ ይጠበቃል፤ በዙሪያው ያለው ክልል ቡና ለሚለቅምና ቀፎ ለሚሰቅል ክፍት ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው የእርሻና የመኖሪያ አገር ነው።

አራተኛው መንገደኛ፣ ማለትም የዛሬው ጎብኚ፣ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማለዳ ተነሥቶ ጭቃውን እየረገጠ፣ ከአካባቢው ተወላጅ መንገድ መሪ ኋላ ይሄዳል። ጉሬዛን፣ ጺማሙን የዴ ብራዛ ጦጣ፣ ልዩ ልዩ አዕዋፍን ያያል። ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በከፋ ደን ውስጥ የተነሣ የአንበሳ ፎቶግራፍ ይፋ ሲያደርግ በውጭ ዓለም እንደ ድንቅ ተወራ። አንበሳን የለመደ ዓይን በሜዳ ስለሚፈልገው በዝናብ ደን ውስጥ መገኘቱ እንግዳ ሆኖበታል። ዱካ መለየት ለሚያውቀው የደኑ ሰው ግን አንበሳ አዲስ ግኝት አልነበረም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለባለሙያው ከባድ የሆነው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጥብቅ ስፍራው ሰውን ከታሪኩ አስወጥቶ ሊቆም ይችላልን? በአማራ ክልል የሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ቆይቶ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩና ሌሎች እርምጃዎች ከተወሰዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ሣር ተገኘለት፤ ለገበሬው ግን የትውልድ ቦታ መልቀቅ ሆነበት። የዝናብ ደን በዚህ መንገድ እንዳይጠበቅ የሚያደርግ የራሱ ምክንያት አለው፤ ቀፎ ሰቃዩ ከወጣ ዛፉን የሚጠብቅለት የለም፣ ቡና ለቃሚው ከወጣ ደኑ ለእንጨት ነጋዴ ይቀራል፣ ዱካ አዋቂው ከወጣ ጎብኚው ዛፍ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ስለዚህ የጉብኝቱ ገቢ ለማን እንደሚደርስ መጠየቅ የጥበቃው ዋና ጉዳይ ነው። ትላንት በአንድ ገበታ ያልቀረበው የማንጆ ልጅ ዛሬ መንገድ መሪ ሆኖ በስሙ ሲጠራና ድርሻውን ሲቀበል፣ ከወሎ መጥቶ የቀረውም ሰፋሪ በደኑ ውል ውስጥ እንደ ጎረቤቱ ሲፈርም ጥብቅ ስፍራው ጠባቂ አገኘ ማለት ይቻላል። እነዚህ ሰዎች በውሉ ውጭ ከቀሩ ግን ካርታው ላይ የተሠመረው አረንጓዴ መስመር ከ58ቱ ደኖች ዝርዝር የተሻለ ዕድሜ ሊኖረው አይችልም። ይህን ሚዛን መጠበቅ ደግሞ ውሉን የሚያረቅቀው፣ ድንበሩን የሚለካውና ሠልጣኙን የሚያስተምረው የባለሙያው ኃላፊነት ነው።