የረቂቅ የመጀመሪያ አንባቢ

የልብ ወለድ ረቂቅ ለአሳታሚ ሲቀርብ ምን መልክ ይኑረው? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ዳሩ ግን ከዋጫ ተነሥቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ አዲስ አበባ ለሚደርስ ጽሑፍ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ደራሲው አጠገቡ ቆሞ ሊያስረዳለት አይችልም፤ የሚናገርለት ገጹ ብቻ ነው።

የገጽ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊ አንድ ፊደል ሳይጽፍ አስቀድሞ የብራናውን ዳር በወስፌ ይወጋል፤ መስመር ያሰምራል፤ ኅዳግ ይተዋል፤ ገጹን በአምድ ይከፍላል። የከበሩ ስሞችን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር ቀለም ይጽፋል። የተዘለለ ቃልና እርማት ስፍራ የሚያገኙት በዚያ ባዶ ኅዳግ ነው። የዛሬው አርታዒ ሰፊ ኅዳግና ሰፋ ያለ የመስመር ክፍተት የሚሻውም ለዚሁ ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ አሳተሙ። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። በእርሳስ ፊደል ዘመን የረቂቅ ትጉህ አንባቢ ፊደል ለቃሚው ነበር፤ እጅ ጽሑፉ ካልተነበበለት ስሕተቱ ታትሞ ይወጣል። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ደግሞ ከ200 የሚበልጠው ፊደላችን በጥቂት ቁልፎች አልበቃ አለ። ቅጥያው ለብቻው እየተመታ በመቀጠሉ የፊደሉ መልክ ጎደፈ፤ ገጹ ግን ለማንም ተነባቢ ሆነ።

ሌላም አንባቢ ነበር፤ ሳንሱር። ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በሕግ እስኪቀር ድረስ ረቂቅ ከሕዝብ በፊት በመርማሪ እጅ ያልፍ ነበር። ታትሞ መውጣትም ዋስትና አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ ያሳተመው «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ይህን ሳስብ፣ የረቂቅን ቅጂ ማስቀረት ከጥንቃቄም በላይ አደራ ሆኖ ይታየኛል።

ኮምፒዩተርም የራሱን ፈተና አመጣ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ አሠራር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ስለዚህ ረቂቅ በዩኒኮድ ይጻፍ እላለሁ። ለካፋ ደራሲ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ገጸ ባሕርይውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያናግር ሰው ሁለት ፊደል በአንድ ገጽ ይገጥመዋል። የቱንም ይምረጥ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንዱ ይጽና።

የቀረው ሥርዓት አጭር ነው። በኤ4 ወረቀት አንድ ገጽታ ላይ፣ በ12 ነጥብ ፊደል ይጻፍ። በመጀመሪያው ገጽ ስምና አድራሻ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ርእስና ቁጥር ይኑር። ምዕራፍ በአዲስ ገጽ ይጀምር። ቃልን በሁለት ነጥብ የለየ በዚያው ይቀጥል፤ በባዶ ቦታ የለየም እንዲሁ። «ሀ»ን እና «ሐ»ን በአንድ ቃል ውስጥ አንድ ጊዜ እንዲህ፣ ሌላ ጊዜ እንዲያ አይጻፍ።

አንባቢ ሆይ፣ ንጹሕ ገጽ ደካማ ልብ ወለድን አያድንም። ነገር ግን ጠንካራው ሥራ ሳይነበብ እንዳይመለስ መንገዱን ይጠርግለታል። ከዋጫ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።