አንድ ካርድ፣ ሁለት ጉዳይ

በጁን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሮክቪል ከተማ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወላጆች በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ዋና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሰልፍ ወጡ። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ነበሩ። ጥያቄያቸው አጭር ነው። ትምህርት ቤቶቹ በ2022 መገባደጃ ላይ ለትንንሾቹ ክፍሎች ጭምር ያስገቧቸው፣ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻና ስለ ፆታ ማንነት የሚያነሡ የተረት መጻሕፍት አሉ፤ እነሱ ሲነበቡ ልጆቻችን ከክፍል ይውጡልን ነው የሚሉት። መጀመሪያ ላይ ይህ ተፈቅዶላቸው ነበር። በማርች 2023 ተከለከለ።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ማለት እነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉበት፣ አበሻ እንጀራና ቅመም ፍለጋ ሩቅ የማይሄድበት፣ በፕሬዚዳንት ምርጫ ለዲሞክራት ፓርቲ ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ የሚሰጥ ካውንቲ ነው። የዚያ ፓርቲ ሰው የሆነች አንዲት የካውንቲው ምክር ቤት አባል፣ ተቃዋሚዎቹ ሙስሊም ቤተሰቦች በዚህ ጉዳይ ከነጭ የበላይነት አራማጆች ጋር በአንድ ወገን መሰለፋቸውን ተናገረችና ቁጣው ሲነሣባት ይቅርታ ጠየቀች።

እኛን የገረመን ሰልፉ አይደለም። ወላጅ ስለ ልጁ ይጮኻል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የገረመን ጥያቄ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። እነዚህ ወላጆች በ2024 ኖቬምበር የምርጫ ወረቀት ሲሰጣቸው ምን ያደርጋሉ? በትምህርት ቤቱ ጉዳይ የልባቸውን የሚናገርላቸው ሪፐብሊካን ፓርቲ ነው። ያው ፓርቲ ደግሞ እህታቸውን ያመጣችላትን ዲቪ እዘጋለሁ፣ ወረቀት የሌለውን ጎረቤታቸውን አባርራለሁ ይላል። ወረቀቱ ላይ «በትምህርት ቤቱ ከእናንተ ጋር፣ በዲቪው ከእነዚያ ጋር» ብሎ መጻፊያ ቦታ የለም።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ፤ ሁለቱ ጉዳዮች ሁልጊዜ እንዲህ ተቆላልፈው አልኖሩምና።

የዛሬ ወጣት ሪፐብሊካን ማለት ስደተኛ የማይወድ፣ ዲሞክራት ማለት ስደተኛ የሚወድ አድርጎ ይይዘዋል። የ1986ቱን ሕግ ፈርሞ ወደ 2.7 ሚሊዮን ለሚጠጉ ወረቀት አልባ ሰዎች ወረቀት ያሰጠው ግን ሮናልድ ሬገን ነው፤ ሪፐብሊካን። ዲቪን የወለደውን የ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ የፈረመው ትልቁ ቡሽ ነው፤ እሱም ሪፐብሊካን። ዲቪ ራሷ መጀመሪያ ስትታሰብ እኛ ትዝ ያልናቸው የለም። በመሸጋገሪያዎቹ ሦስት ዓመታት (ከ1992 እስከ 1994) ከቪዛዎቹ 40 በመቶው ለአየርላንድ ሰዎች ብቻ የተመደበ ነበር። ኋላ ላይ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ብዙ ዕጣ ከሚደርሳቸው አገሮች አንዷ ሆነች፣ የሰፈሩ ኢንተርኔት ቤትም በየጥቅምቱ የዲቪ ፎርም በመሙላት መኖር ጀመረ። ለአየርላንዳዊ በተከፈተ በር የመርካቶ ልጅ ገባበት ማለት ነው።

በሌላው ጉዳይም ፓርቲዎቹ ዛሬ በምናውቃቸው ቦታ አልነበሩም። ሴፕቴምበር 1996ን እንይ። ፕሬዚዳንቱ ዲሞክራቱ ቢል ክሊንተን ነው፣ ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ቀርተውታል። በወሩ 21ኛው ቀን ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ የሚወስነውን የፌዴራል ሕግ ፈረመ። በ30ኛው ቀን ደግሞ ማባረርን የሚያቀልለውንና ለስደተኛው የመከራከሪያ ዕድል የሚያጠበውን ጠንካራ የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረመ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁለቱም! በኖቬምበርም ተመረጠ። ያኔ የነበረ መራጭ በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ብቻ ፓርቲ ልምረጥ ቢል ይቸገር ነበር።

ታዲያ መለያየቱ ከየት ጀመረ? በስደተኞች በኩል ብዙዎች ካሊፎርኒያን ይጠቅሳሉ። የግዛቲቱ ገዢ የነበረው ሪፐብሊካኑ ፒት ዊልሰን በ1994 ተወዳጅነቱ ወርዶ ሳለ፣ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ፣ ቤተሰቦቻቸውም ከድንገተኛ ሕክምና ውጪ እንዳይታከሙ የሚከለክለውን ፕሮፖዚሽን 187ን ይዞ ተነሣ። ሕዝበ ውሳኔው በ59 በመቶ ገደማ አለፈ፣ ዊልሰንም በዚያው ቀን አሸነፈ። ፍርድ ቤት ግን ሕጉን አገደው። ቀጥሎ የሆነው ከሕጉ የበለጠ ዕድሜ ነበረው። ግሪን ካርድ ይዘው ለዓመታት ዜግነት ለመውሰድ ያልቸኮሉ ላቲኖዎች ፎርም መሙላት፣ መማል፣ መመዝገብ፣ መምረጥ ጀመሩ። አብዛኞቹ ካቶሊክ ናቸው፤ በቤተሰብና በጋብቻ ጉዳይ ብዙዎቹ ለዊልሰን ፓርቲ የቀረቡ ነበሩ። ሚዛኑ ላይ ግን የልጃቸው ትምህርት ቤት ነበረና ካርዱን የወሰደው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጉዳዩ በፓርቲ ሳይሆን ለብቻው ሲጠየቅ መልሱ ሌላ ነው። በኖቬምበር 2008 የካሊፎርኒያ መራጮች በአንድ ቀን ሁለት ነገር ተጠየቁ። ፕሬዚዳንት ማን ይሁን? ኦባማ አሉ፤ 61 በመቶ። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ይከልከል ወይ? ይከልከል አሉ፤ 52 በመቶ። ቁጥሩን ደምሩት፤ ከመቶ ያልፋል። ከመቶ መራጭ ቢያንስ 13 ያህሉ ኦባማንም ክልከላውንም መርጠዋል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ግራ የተጋቡ አይደሉም። ሁለት ወረቀት ስለተሰጣቸው ሁለት መልስ ሰጡ። ኦባማ ራሱ እንኳ ያኔ ክልከላውን ቢቃወምም ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ይል ነበር፤ ሐሳቡን መቀየሩን ያስታወቀው በሜይ 2012 ነው።

ጋብቻና የፆታ ማንነት አንድ ጉዳይ እንዳልሆኑ እናውቃለን። አንዱ ማንን ላግባ ነው፣ ሌላው እኔ ማን ነኝ ነው። በፖለቲካው ግን አንዱ የሌላውን ወንበር ወረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2015 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላው አገሪቱ ሲፈቅድ የጋብቻው ክርክር ቀዘቀዘ፣ ክርክሩም ወደ ትራንስጀንደር ሰዎች ዞረ። ሰሜን ካሮላይና በማርች 2016 ሰው በመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ ባለው ፆታ መጸዳጃ ቤት ይጠቀም የሚል ሕግ አወጣች። ፔይፓል በቻርሎት ከተማ ሊከፍት ያሰበውን የ400 ሰው ሥራ ሰረዘ፣ የቅርጫት ኳስ ማኅበሩ ኤንቢኤም የ2017ቱን የኮከቦች ጨዋታ ከከተማዋ አነሣ። በኖቬምበር ትራምፕ ግዛቲቱን ሲያሸንፍ ሕጉን የፈረመው የፓርቲው ገዢ ፓት ማክሮሪ በ10,000 ድምፅ ገደማ ተሸነፈ። ያኔ ጉዳዩ ያነሣውን ሰው ጎዳ።

በቀጣዩ ዓመት የሆነው ደግሞ የእኛ ሰዎች ወደሚኖሩበት ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ይወስደናል። በምናሳስ አካባቢ ለግዛቱ ምክር ቤት የተወዳደሩት፣ በአንድ በኩል ከ1992 ጀምሮ ወንበሩን የያዘውና ተመሳሳይ የመጸዳጃ ቤት ሕግ ያረቀቀው ቦብ ማርሻል፣ በሌላ በኩል ትራንስጀንደር መሆኗን በይፋ የምትናገረው ጋዜጠኛ ዳኒካ ሮም ናቸው። እሷ ዘመቻዋን ያደረገችው በምን ላይ መሰላችሁ? በመንገድ 28 የትራፊክ መጨናነቅ ላይ። (ያንን መንገድ በጠዋት የነዳ ሾፌር ለምን እንዳሸነፈች ማስረዳት አያስፈልገውም።) በዚያው ቀን ለገዢነት የተወዳደረው ሪፐብሊካኑ ኤድ ጊሌስፒ ስደተኞችን ከወሮበላ ቡድን ጋር የሚያያይዙ ማስታወቂያዎች ሲያሰማ ከርሞ በዘጠኝ ነጥብ ገደማ ተሸነፈ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ግዛት፣ ሁለቱም ጉዳዮች ሳይሠሩ ቀሩ።

በ2024 ግን ሠሩ፤ ወይም የሠሩ መሰሉ። የትራምፕ ዘመቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያፈሰሰበት ማስታወቂያ ነበር። መነሻው ካማላ ሃሪስ በ2019 ለአንድ የመብት ድርጅት መጠይቅ የሰጠችው መልስ ነው፤ መጠይቁ በእስር ቤትና በኢሚግሬሽን ማቆያ ላሉ ትራንስጀንደር ሰዎች ሕክምና ይሰጥ ወይ የሚል ነበር። አስተውሉ፤ ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ጥያቄ ውስጥ ተገናኙ። የማስታወቂያው መዝጊያ በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሞች ላይ የተሠራ ጨዋታ ነው፤ እሷ ለእነዚያ ናት፣ ትራምፕ ግን ለአንተ ነው የሚል። በአማርኛ ጨዋታው ይፈርሳል፤ እኛ ዘንድ ወንድና ሴት የማይለይ ተውላጠ ስም ከጥንትም አለ፣ «እሳቸው» እንለዋለን፣ የምንሰጠውም ለምናከብረው ሰው ነው።

ማስታወቂያው ስለ ሕክምና ብቻ የሚናገር ከሆነ ለምን ይህን ያህል አነጋገረ? ጋለፕ ከምርጫው በፊት መራጮችን ስለ 22 ጉዳዮች ሲጠይቅ የትራንስጀንደር መብት ከሁሉም መጨረሻ ነው የመጣው። ኢኮኖሚ አንደኛ። እንግዲህ መራጩ የፆታ ማንነትን እንደ ኑሮ ውድነት እየመዘነው አልነበረም። ግምታችን ይህ ነው፦ ለብዙው መራጭ የፆታ ማንነት ምልክት እንጂ ክብደት አይደለም። ዕንቁላል የተወደደበት ሰው «ይህ ፓርቲ የሚያስበው ስለ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ማስታወቂያው መልስ አዘጋጅቶ ጠበቀው። ክብደት የሚሆነው ለሁለት ወገን ብቻ ነው፤ ለራሱ ለትራንስጀንደሩ ሰውና ለቤተሰቡ፣ እንደ ሮክቪልም ነገሩ በልጄ ክፍል ገባ ለሚል ወላጅ። ኢሚግሬሽን ግን በርካታ ቤቶች ውስጥ ሥጋና አጥንት ያለው ነገር ነው፤ ቪዛ የምትጠብቅ ሚስት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ወንድም።

ይህ ሥጋና አጥንት ግን የሚጎትተው ወደ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ፒው የምርምር ማዕከል በመራጮች መዝገብ አመሳክሮ ባወጣው ጥናት፣ ውጭ ተወልደው ዜግነት ካገኙ መራጮች በ2020 59 በመቶው ባይደንን፣ 38 በመቶው ትራምፕን መርጠዋል። በ2024 51 በመቶ ለሃሪስ፣ 47 በመቶ ለትራምፕ ሆነ። ስደተኛው ራሱ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም! የፆታ ማንነት ብቻ አመጣው ማለት ስንፍና ነው፤ የዋጋ ንረቱ አለ፣ «እኛ ተሰልፈን በሕጉ ገባን» የሚለው ቅሬታም አለ። ዲሞክራቶቹም ለስደተኛው ድምፅ እንደ ደመወዝ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ አድርገው ቆጥረውት ነበር። ዲቪን እንኳ ሁልጊዜ አልጠበቁለትም፤ በጁን 2013 በሴኔት 68 ለ32 ያለፈውና ዲሞክራቶች ሁሉ የደገፉት የማሻሻያ ረቂቅ ዲቪን የሚያስቀር አንቀጽ ነበረው። ሕግ ሳይሆን የቀረው በታችኛው ምክር ቤት ስለተያዘ ነው።

ጁን 2025 ሲደርስ የሮክቪል ወላጆች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር። በወሩ 4ኛ ቀን ትራምፕ የ12 አገሮች ዜጎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክል አዋጅ ፈረመ፤ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን አሉበት። በ27ኛው ቀን ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆቹ ፈረደ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ መጻሕፍቱ ሲነበቡ ቀድሞ ይነገራቸው፣ ልጆቻቸውንም ማስወጣት ይችሉ አለ። ስድስቱም ዳኞች በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ናቸው፣ ሦስቱ በራሱ በትራምፕ።

ከወንዙ ማዶ በቨርጂኒያ፣ ጃማይካ የተወለደችው ሪፐብሊካን ዊንሰም ኧርል-ሲርስ የ2024ቱን ማስታወቂያ ቀድታ ለገዢነት ተወዳደረች። በኖቬምበር 2025 በአቢጌል ስፓንበርገር በ15 ነጥብ ገደማ ተሸነፈች። በዲሴምበር ደግሞ፣ በዲቪ ገብቷል የተባለ ሰው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተኩስ ሰው ከገደለ በኋላ፣ የትራምፕ መንግሥት የዲቪን ፕሮግራም እንዳገደ አስታወቀ። ሞንትጎመሪ ውስጥ ልጁን ከክፍል ለማስወጣት በደብዳቤ የሚጠይቅ አባት፣ አዲስ አበባ ላለች እህቱ ስልክ ደውሎ የዘንድሮውን ፎርም አትሙዪ የሚላት በዚያው ዓመት ነው።