ዝዝ የሚለው ክር

አንዳንድ ድምፅ በአንዱ ቤት ሕመም፣ በሌላው ቤት ጸጋ ይባላል። ክር ሲመታ ከዜማው ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣው፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ «ዝዝ» የሚለው ድምፅ ከዚህ ወገን ነው። ማንዶሊን ዝዝ ካለ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል፤ በገና ዝዝ ካላለ ግን በገናነቱ ጎደለ ይባላል። በሁለቱም ዘንድ የነገሩ ምሥጢር ያለው ክሩ በሚያርፍበት ትንሽ እንጨት ላይ ነው።

ማንዶሊን የኢጣልያ ልጅ ነው። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኔፕልስ ከተማ ሲሆን፣ በሥራው ስመ ጥር ከነበሩት መካከል የቪናቻ ቤተሰብ ይገኝበታል። ስምንት የብረት ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ቫዮሊን በአራት ድምፅ ይቃኛሉ። ክሮቹን ተሸክሞ ንዝረታቸውን ወደ ሆዱ የሚያደርሰው ብሪጅ በሙጫ አይጣበቅም፤ ባለበት የሚያቆመው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ስለዚህም ብሪጁ ጥቂት ቢያጥር ወይም ቢንሸራተት መሣሪያው ሁሉ ይታመማል።

በዚህ በጦር ኃይሎች፣ ስሙን ከሠራዊቱ ሆስፒታል ባገኘው ሰፈራችን፣ ከባንክ ሥራ መልስ የምነካካት አንዲት አሮጌ ማንዶሊን አለችኝ። የበጋው ደረቅ አየር እንጨቷን ሲያኮማትረው ሆዷ ዝቅ ይላል፤ ክሮቹም ወደ ፍሬቶቹ ይቀርቡና ዝዝታው ይጀምራል። መድኃኒቱ ምርመራን ያስቀድማል። ዝዝታው ክሩ በጣት ሳይነካ ብቻ ከተሰማ፣ ጥፋቱ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ በሚያልፉበት ጉድጓድ ጥልቀት ላይ ነው። በአንድ ስፍራ ብቻ ከተሰማ፣ አንዱ ፍሬት ከጎረቤቱ ከፍ ብሏል ወይም ሌላው ተበልቷል። በሁሉም ስፍራ ከተሰማ፣ ብሪጁ አጥሯል ወይም አንገቱ ጎብጧል። የላላ ብሎንም እንዲሁ ያታልላል።

አዲስ ብሪጅ ሲተካ እግሩ ከሆዱ ቅርጽ ጋር እንዲገጥም የብርጭቆ ወረቀት ሻካራው ፊት ወደ ላይ ሆኖ በሆዱ ላይ ይነጠፋል፤ ብሪጁም በላዩ ይታሻል። ቦታው የሚለካው ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት፣ ከዚያ እስከ ብሪጁ ካለው ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነው። ከዚያ በኋላ የወፍራሙ ክር ወገን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ክሮቹንም ሁሉንም በአንድ ጊዜ መፍታት አይገባም፤ አንድ በአንድ ሲቀየሩ ብሪጁ ቦታውን አይለቅም።

ይህ ንጹሕ ድምፅን የመሻት ትምህርት ወደ አገራችን በብዙ በር ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉ አርመናውያን ወላጅ አልባዎች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የሠራዊቱና የክብር ዘበኛው ባንዶች ለዘመናዊ ሙዚቃችን ትምህርት ቤት ሆነው አገለገሉ። ማንዶሊን፣ አኮርዲዮንና ክላርኔት የአንድ ዘመን ጣዕም ሆኑ፤ ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙርም በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ያን ጣዕም ሲያድስ ማንዶሊኑን የተጫወቱት አንጋፋው አየለ ማሞ ነበሩ። የኔፕልስ ክር ትዝታንና አምባሰልን መናገር የቻለው እንዲህ ነው።

በገናው ግን ሌላ ሕግ አለው። አሥሩ የጅማት አውታሮች ከቀንበሩ ወርደው በገበቴው ላይ የተቀመጠውን ብርኩማ ያልፋሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል «እንዚራ» የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን ነካ ለቀቅ እያደረገ ይመታዋል፤ በገናን በገና የሚያሰኘው ያ ጥልቅ ዝዝታ ይወለዳል። ደርዳሪው ቅኝቱን ካስተካከለ በኋላ እንዚራዎቹን ወደፊትና ወደኋላ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ የእያንዳንዱን አውታር ዝዝታ ይፈልጋል። እነሆ፣ የማንዶሊን ጠጋኝ ለማጥፋት የሚደክምበትን ድምፅ የበገና ደርዳሪ ለማግኘት ይደክምበታል።

ይህ የእኛ ብቻ ፍልስፍና አይደለም። የሕንድ ታንፑራ በክሩና በብሪጁ መካከል ቀጭን ፈትል ይገባበታል፤ የዚምባብዌ ምቢራም ዝዝ እንዲል ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም የጠርሙስ ክዳን ይታሰርበታል። ንጹሕ ድምፅ አንዱ ጣዕም ነው እንጂ የጣዕም ሁሉ መለኪያ አይደለም።

የበገናውም ታሪክ ያለ ፈተና አላለፈም። ትውፊት ከንጉሥ ዳዊት የሚያመጣው፣ ነገሥታትና መኳንንት የደረደሩት፣ ምእመናን በዐቢይ ጾም የሚጽናኑበት ይህ መሣሪያ በደርግ ዘመን መጠጊያው ጠበበ። ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩት ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር፤ በ1980 ግን ከማስተማሩ ወጡ። ያም ሆኖ ድምፁ አልጠፋም፤ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 11ኛው ላይ የዓለሙ አጋ በገና ለዓለም ተሰምቷል። ዛሬ ወጣቶች በገናን በብዛት ሲማሩ ማየት ደስ ያሰኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጆሮ ነው። ከልጅነቱ በኪቦርድና በጊታር የታነፀ ጆሮ የእንዚራውን ዝዝታ እንደ እክል ሊሰማው ይችላል። እክል ነው ብሎ ቆዳውን ያነሣ ተማሪ በእጁ የሚቀረው ባለ አሥር ክር ሣጥን ነው። እንጨቱ ሳይሰበር፣ አውታሩ ሳይበጠስ፣ ማንም ሳይከለክለው በገናው ይጠፋል። ስለዚህ በገና የሚያስተምር ሁሉ ከጣት ትምህርት በፊት ተማሪውን ያቺን ቁራጭ ቆዳ በትክክል ማስቀመጥ ያስተምረው፤ ማንዶሊኑን ግን ያለ ሥጋት ይጠግን።