የእናቶቻችን ሳሎን

እናቴ ከቀበሌ ቤት ወጥታ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የገባች ዕለት ዕቃውን የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ ተብዬ። ቡፌ 1፣ ሶፋ ከነጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥን እያልኩ ዋጋቸውን ገምቼ ጻፍኩ። ዳንቴሉ ጋ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። ትልቅና ትንሽ 31 ቆጠርኩ። ምን ያህል ልበል?

እህቶቼ፣ ያንን ሳሎን ታውቁታላችሁ። ቡፌው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የሠርግ ፎቶ። ግድግዳው ላይ ሥዕለ ገብርኤል፣ ካላንደር፣ የወንድሜ የምረቃ ፎቶ፣ ስፌት። ቦሌ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ፣ የካፌዎቹን ባዶ ነጭ ግድግዳ እያየሁ፣ የእኛን ቤት አፍርበት ነበር።

ዕቃዎቹ ከየት እንደመጡ ስማቸው ይናገራል። ሳሎን፣ ቡፌ፣ ዳንቴል፣ ኪሮሽ ከፈረንሳይኛ፣ ኮመዲኖ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕር ማዶ ዕቃ መንገዱ ቀለለለት። ቤትን በዕቃ መሙላት ግን ፈረንጅ ያስተማረን አይደለም። ሐረር ጀጎል የነባር ሐረሪ ቤት ብትገቡ፣ ከመደቦቹ በላይ ያለው ግድግዳ በስፌትና በሳሕን ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ስፌቱ የሴቶች ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ያልነበረው ሰው የጭቃ ግድግዳውን ጋዜጣ ያለብስ ነበር። እናቴ ፊደል የለየችው ከራስጌዋ ከተለጠፈ አዲስ ዘመን ነው።

ሳሎኑን እንዲህ ያጨናነቀው ግን፣ በእኔ ግምት፣ የ1967ቱ አዋጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/67 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን አይሸጥም፤ እንደልቡም አያፈርስም፣ አይሠራም። እናቴ ግድግዳው የእሷ አልነበረም። የእሷ የነበረው ግድግዳው ላይ የሰቀለችው ነው። ዕቁብ ሲደርሳት ቡፌ ገዛች፤ ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋም በኩራዝ፣ ኪሮሽ ይዛ ትቀመጣለች። በእኔ ሙያ ቋንቋ ተንቀሳቃሽ ንብረት ማለት ይኸው ነው፤ አንድም መዝገብ ላይ ባይሰፍርም።

በ1996 ዓ.ም. ቦሌ ገርጂ ላይ ለሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በኋላ ወደ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ ተስፋፋ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ስለነበር እንደ እናቴ ያሉ ብዙዎች በስማቸው ግድግዳ አገኙ። ቤቱ ግን ጠበበ። የእኛ ቡፌ ደረጃው ላይ አልዞር ብሎ ለጎረቤት ቀረ።

ዳንቴሉንም እንድትተወው የመከርኳት እኔ ነኝ። ምንም አልመለሰችልኝም። 31ዱንም በነጠላ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ጭኗ ላይ ይዛ መጣች። አዲሱ ቴሌቪዥን ጠፍጣፋ ነው፤ ዳንቴል የሚያርፍበት አናት የለውም። ብሎኬቱም ሚስማር አይዝም።

ባለፈው ቅዳሜ ድሪል ያለው ባለሙያ ይዤላት ሄድኩ። ዘጠኝ ቦታ አስበሳች። ለዐሥረኛው፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳውን እያየች ነው።