የአንበሶች «ኩራት» ከወዴት መጣ?

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ብዙ ሰው አንድ ዝርዝር በቃሉ አጥንቷል። አንበሶች ሲሰበሰቡ «ፕራይድ»፣ ዓሦች ሲሰበሰቡ «ስኩል»፣ ዝዮች ሲሰበሰቡ «ጋግል» ይባላሉ። ስሙን የሳተ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ለመሆኑ ተማሪው የሚያጠናው የቋንቋ ሕግ ነውን? ወይስ የሌሎች ሰዎች የቆየ ጨዋታ?

መልሱን ለማግኘት ወደ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ መመለስ ያሻል። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 አገሪቱን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ፣ ሰፊ ደን ለንጉሥ አደን ተከልሎ ነበር። አደን የመኳንንት ወግ ሆነ፤ ወግ ደግሞ የራሱን ቋንቋ ወለደ። የጨዋ ልጅ ፈረስ መጋለብና ጭልፊት ማሠልጠን ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን አውሬ በተገቢው ቃል መጥራትም ይጠበቅበት ነበር። ቃሉን የሳተ ሰው ትውልዱ ይገመትበታል።

እ.ኤ.አ. በ1486 በሴንት ኦልባንስ ከተማ ስለ ጭልፊት፣ ስለ አደንና ስለ መሳፍንት የጋሻ አርማ የሚያስተምር መጽሐፍ ታተመ። የአደኑ ክፍል በልማድ የሶፕዌል ገዳም እመምኔት ነበረች ለምትባለው ለጁሊያና በርነርስ ይሰጣል። በመጽሐፉ ውስጥ ከ160 በላይ የስብስብ ስሞች ተደርድረዋል። ለአንበሶች «ኩራት»፣ ለድቦች «ስንፍና»፣ ለነብሮች «ዝላይ»፣ ለቀበሮዎች «ማድባት»፣ ለቁራዎች «ግድያ» የሚሉ ቃላት ተሰጥተዋል። ዝርዝሩ ከአውሬ አልፎ ወደ ሰው ይሻገራል። ለዳኞች «ፍርድ»፣ ለጠበቆች «አንደበተ ርቱዕነት»፣ ሰውን ወደ ችሎት ለሚጠሩ መልእክተኞች «ሐሰት»፣ ለደናግል መነኮሳት ደግሞ «ትርፍ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። እዚህ ላይ አንባቢ ፈገግ ሳይል አያልፍም፤ በወግ ካባ ሥር ሽሙጥ ተደብቋልና።

መጽሐፉ ለማን እንደተዘጋጀ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለ። ዊንኪን ደ ዎርድ የተባለው አታሚ እ.ኤ.አ. በ1496 መጽሐፉን ሲያሳትመው ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚናገር ድርሰት ጨመረበት። በትንሽ ጥራዝ ለብቻው ያላወጣውም ሥራ ፈት ሁሉ እንዳይገዛው በማሰብ መሆኑን ገልጿል። ዕውቀቱ በር ነበረው፤ በሩም ዘበኛ ነበረው።

ከዘመናት በኋላ ጆን ሆጅኪን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው ጥናት ዝርዝሩን መረመረ። ከቃላቱ ብዙዎቹ ከመነሻው የስብስብ ስም አልነበሩም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። የቀበሮ ማድባት የቀበሮ ጠባይ ነው፤ የዳኛም ፍርድ የዳኛ ሥራ ነው። ጠባይንና ሥራን የሚገልጽ ሐረግ ከጊዜ በኋላ የመንጋ ስም ተደርጎ ተወሰደ። የዓሦቹ «ስኩል»ም ከትምህርት ቤት ጋር ዝምድና የለውም። ትምህርት ቤት ማለት የሆነው ቃል በላቲን በኩል ከግሪክ ሲመጣ፣ የዓሦቹ ግን ጭፍራ ከሚል የደች ቃል የተወረሰ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቃላቱን አላጠፋቸውም። ጄምስ ሊፕተን እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ እነዚሁ ስሞች መጽሐፍ አሳተመ፤ አዳዲስ ስም መፍጠርም እስከ ዛሬ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መዝናኛ ነው። «ፕራይድ»ም በሴሬንጌቲ ሜዳ አንበሶችን የሚያጠኑ ሊቃውንት የዘወትር መጠሪያ ሆኗል። የመኳንንት ጌጥ የነበረው ቃል የሳይንስ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

አማርኛም የስብስብ ስም አላጣም፤ ምንጩ ግን ሌላ ነው። በአንድ ቀንበር የሚውሉ ሁለት በሬዎች «ጥማድ» ይባላሉ፤ በአንድ ቀን የሚያርሱትም መሬት በዚሁ ስም ይለካል። የታጨደ እህል ሲታሰር «ነዶ»፣ ሲቆለል «ክምር»፣ ወይን በግንዱ ላይ ሲያፈራ «ዘለላ» ይባላል። «መንጋ» በጉንም፣ ከብቱንም፣ ንቡንም ያቅፋል። እነዚህን ቃላት የወለዳቸው የአዳኝ ወግ ሳይሆን የገበሬ ድካም ነው፤ የማያውቃቸውም ሰው ትውልዱ አይገመትበትም፣ እርሻ አለማወቁ ብቻ ይታወቅበታል።

እንግዲህ «የአንበሶች ኩራት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቃሉን እንጂ ነገሩን አላሻገረም። በአማርኛ አንበሳውም መንጋ አለው። ኩራቱን ለመናገር ሌላ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል።