ሲርስ-2112፦ ቀድሞ የበሰለ ባለ ዘንግ ጋላክሲ

በአቅራቢያችን ካሉት ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እምብርታቸውን የሚያቋርጥ የከዋክብት ዘንግ አላቸው፤ የእኛው ፍኖተ ሐሊብም እንደዚሁ። ወደ ጥንቱ ዘመን በተመለከትን ቁጥር ግን ዘንጉ እየጠፋ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የሃብል ቴሌስኮፕ ጥናት ከ7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ድርሻው 20 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳይቶ ነበር። ስለዚህ ዘንግ ዘግይቶ የሚመጣ የብስለት ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ።

ግምቱ መሠረት ነበረው። ዘንግ የሚፈጠረው የከዋክብቱ ዲስክ ረግቶ በሥርዓት ሲዞር ነው፤ ያኔ የከዋክብቱ ምህዋር እየሞለለ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። ጋዝ የበዛበትና የሚናወጥ የጥንት ዲስክ ለዚህ አይመችም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣውና በሉካ ኮስታንቲን የተመራው ጥናት ይህን አመለካከት የሚፈታተን ጋላክሲ ይዞ ቀረበ። ሲርስ-2112 የምትታየን ሕዋ ገና 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው በነበረችበት መልኳ ነው። ሆኖም ጠመዝማዛ ክንዶችና ዘንግ አላት። የከዋክብቷ ክብደት የፀሐይን 3.9 ቢሊዮን ጊዜ ያህላል፤ ፍኖተ ሐሊብም በዚያ ዕድሜዋ ይህን ትመስል ነበር ተብሎ ይገመታል።

ሃብል ይህን ዘንግ ለማየት ያልታደለው በብርሃኑ ጠባይ ምክንያት ነው። ከዚያ ርቀት የሚመጣ ብርሃን በሕዋ መስፋት የተነሳ ሞገዱ አራት እጥፍ ይለጠጣል። ዘንጉን የሚገነቡት ያረጁ ከዋክብት ብርሃን ሃብል ከሚደርስበት አልፎ ወደ ረጅሙ ኢንፍራሬድ ይገባል፤ ለሃብል የሚቀረው በአብዛኛው የወጣት ከዋክብት የተበታተነ ድምቀት ነው። ዘንጉን ያሳየው፣ 6.5 ሜትር መስተዋት ያለው የጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ግን የተሠራው ለኢንፍራሬድ ነው። እንግዲህ የዘንጎቹ መጥፋት ቢያንስ በከፊል የመሣሪያችን ውስንነት ነበር ማለት ነው። ለእኔ ከግኝቱ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው።

ተመራማሪዎቹ በዚያ ዘመን ዘንግ በ400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሊፈጠር እንደሚችል፣ በጋላክሲዎች ውስጥም ተራው ቁስ ከጽልመታዊው ቁስ ልቆ ሊሆን እንደሚችል ያሰላሉ። ጥንቃቄ ግን ያሻል። የጋላክሲዋ ርቀት የተሰላው በተለያዩ ማጣሪያዎች ከተለካ ድምቀት እንጂ ብርሃኗ ወደ ቀለማቱ ተበትኖ ከተነበበ የስፔክትረም መስመር አይደለም። አንዲት ጋላክሲም በዚያ ዘመን ዘንግ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር አትነግረንም። ስሌቱ ከጸና ግን የረጉ ዲስኮች ከ12 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነበሩ፤ የጋላክሲ አፈጣጠር ሞዴሎችም ይህን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።